ሂፒዎችና ሃይማኖት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ1960ዎቹ የአሜሪካ ሂፒዎች እንቅስቃሴ ውስጥ ሃይማኖት ስለነበረው ቦታ ሰዎች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሂፒዎች የሚባሉት እነማን ነበሩ?

«ሂፒ» የሚለው ስም የተለመደው ከ1965 ጀምሮ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጠኞች ሄይት አሽበሪ በተባለው ሰፈር ርካሽ ቤት ተከራይተው በጋራ የሚኖሩትን ጸጉረ ረጃጅም ወጣቶች በዚህ ስም መጥራት ከጀመሩ በኋላ ነው። ስሙን ያወጡት ወጣቶቹ ራሳቸው አይደሉም፤ ብዙዎቹም አይወዱትም ነበር። አብዛኞቹ መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ነጭ ቤተሰቦች የተወለዱ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመጣው ብልጽግና ውስጥ ያደጉ፣ ከዚያም የቬትናምን ጦርነትም ሆነ ወላጆቻቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱለትን የቢሮ ሥራ፣ የቤት ዕዳና የመኪና ኑሮ አንፈልግም ያሉ ነበሩ።

በ1967 ክረምት ወደ ሰፈሩ የጎረፈው ወጣት እስከ 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል። መጠለያው፣ ምግቡም ሆነ ሕክምናው ለዚህን ያህል ሕዝብ አልበቃም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 6 ቀን የሰፈሩ ነባር ነዋሪዎች የሬሳ ሣጥን ተሸክመው በጎዳናው ላይ «የሂፒን ቀብር» አከናወኑ። በጋዜጣ የተሠራው ሂፒ ሞቷል፣ ወደየቤታችሁ ተመለሱ ለማለት ነበር። መልእክታቸውን በሰላማዊ ሰልፍ ሳይሆን በቀብር ሥርዓት ማስተላለፋቸው ስለ ጠባያቸው የሚናገረው ነገር አለ።

ሂፒዎች ሃይማኖት የለሾች ነበሩ ማለት ይቻላል?

አይቻልም። የተዉት በእሑድ ልብስ ለብሶ የሚኬድበትን የወላጆቻቸውን ቤተ ክርስቲያንና ምኩራብ እንጂ ጸሎትን፣ ዜማን፣ ጾምን፣ መምህርን ወይም የነፍስን ነገር አልነበረም። እንዲያውም በዚያ ዘመን የነበሩት የግራ ፖለቲካ ተማሪዎች ሂፒዎችን የሚወቅሷቸው ትግሉን ትተው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ በሚል ነበር።

ጃንዋሪ 14 ቀን 1967 በጎልደን ጌት ፓርክ የተደረገውን ትልቅ ስብሰባ ማየት ይበቃል። ከሃያ ሺህ የማያንስ ሰው የተገኘበት ይህ ቀን ከመጀመሩ በፊት ገጣሚዎቹ አለን ጊንስበርግና ጌሪ ስናይደር በሂንዱ ሥርዓት ሜዳውን ዞሩት፤ ስናይደር የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደ መለከት ነፋ፤ ጃፓናዊው የዜን ቡድሂዝም መምህር ሹንሪዩ ሱዙኪ መድረኩ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ጊንስበርግ ማንትራ የሚባለውን ተደጋጋሚ የጸሎት ቃል እያዜመ ሕዝቡ የጣለውን ቆሻሻ እንዲያነሣ ጠየቀ፤ ሰዉም ሜዳውን አጽድቶ ሄደ። ፖለቲከኞችም በዚያ መድረክ ላይ ንግግር አድርገዋል፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የወላጆቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ለምን ተዉ?

ወላጆቻቸው ያደጉት ወይም ልጆቻቸውን ያሳደጉት ሃይማኖትና ዜግነት እጅግ በተቀራረቡበት ዘመን ነው። አሜሪካ በ1954 «ከእግዚአብሔር በታች» የሚለውን ሐረግ ተማሪዎች በየጠዋቱ ለሰንደቅ ዓላማ በሚገቡት ቃል ውስጥ አስገባች፤ በ1956 ደግሞ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለውን የአገሪቱ ይፋዊ መፈክር አደረገች። ይህ ሁሉ የሆነው እግዚአብሔር የለም ከምትለው ሶቪየት ኅብረት ጋር በሚደረገው ፍጥጫ ውስጥ ስለነበር፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የእምነት ያህል የጥሩ ዜጋ ምልክት ሆነ። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ይኸው መንግሥት ወደ ቬትናም ሲልካቸውና ብዙ ሰባኪዎች ዝም ሲሉ፣ አንዳንዶቹም ጦርነቱን ሲባርኩ ባዩ ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ ተዉአቸው።

ነገር ግን ካህናቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ዳንኤልና ፊሊፕ ቤሪጋን የተባሉ ሁለት ወንድማማች የካቶሊክ ካህናት በሜይ 1968 ሜሪላንድ ውስጥ ከሰባት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የወታደር ምልመላ መዛግብት አውጥተው አቃጥለው ታስረዋል። በሄይት አሽበሪም በሰፈሩ ያለች አንዲት የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ዲገርስ ለተባሉት፣ ምግብ በነጻ ለሚያድሉ ወጣቶች በሯን ከፍታላቸው ነበር፤ ዳቦውን የሚጋግሩት በባዶ የቡና ቆርቆሮ ሲሆን ሲወጣ እንደ ቆርቆሮው ክብ ሆኖ ይቆም ነበር።

የምሥራቅ ሃይማኖቶች እንዴት ወደ እነርሱ ደረሱ?

ሂፒዎች አላመጧቸውም፤ መጥተው አገኟቸው። ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1893 በቺካጎ የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ከተናገሩ ጀምሮ የሂንዱ ትምህርት በአሜሪካ ጥቂት ተከታዮች ነበሩት፤ ዮጋናንዳም በ1920 መጥተው የሕይወት ታሪካቸውን በ1946 አሳትመዋል። በ1950ዎቹ ደግሞ ከሂፒዎች የቀደሙት የቢት ትውልድ ጸሐፊዎች ቡድሂዝምን በግጥምና በልብ ወለድ አስተዋወቁ። እንግሊዛዊው አለን ዋትስ፣ አስቀድሞ የኤጲስቆጶሳውያን ቄስ የነበረው፣ በሬዲዮና በመጻሕፍት ዜንን ለአሜሪካዊ ጆሮ በሚስማማ አነጋገር ሲያስተምር ቆይቷል።

በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው ግን የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኦክቶበር 1965 የፈረሙት ሕግ እስያውያንን ለአሥርተ ዓመታት ደጅ ያስጠናውን የትውልድ አገር ኮታ ሻረ። ከዚያ በፊት አንድ የሕንድ መምህር በአሜሪካ ተቀምጦ ደቀ መዛሙርት ማፍራት አስቸጋሪ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መምህራኑ ራሳቸው መጡ። ስለ ሂፒዎች መንፈሳዊነት ሲተረክ ጊታርና አበባ ይበዛል እንጂ ይህ የኮንግረስ ሕግ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ያለ እርሱ ግን ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ሐሬ ክሪሽናዎች ከሂፒዎች የወጣ አዲስ ሃይማኖት ናቸው?

አይደሉም። ሐረጋቸው በ16ኛው መቶ ዘመን በቤንጋል ከተነሡት ከቻይታንያ የሚመዘዝ፣ ክሪሽናን እንደ አንድ አምላክ የሚያመልክ የቆየ የሂንዱ መንገድ ነው። ወደ አሜሪካ ያመጡት ኤ.ሲ. ባክቲቬዳንታ ስዋሚ ፕራብሁፓዳ በ1965 በጭነት መርከብ ተሳፍረው ሲደርሱ የ69 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ በጉዞው ላይ ልባቸውን ታመው ነበር። በ1966 በኒውዮርክ ሁለተኛ አቬኑ ቁጥር 26 ላይ አንዲት ትንሽ ሱቅ ተከራዩ። ከበሩ በላይ የቀድሞው ነጋዴ የሰቀለው «ወደር የለሽ ስጦታዎች» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ሳይነሣም ቀረ። ከፊት ለፊቷ የሚያልፉት ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ወጣቶች ገብተው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ ትንንሽ የናስ ጸናጽል እየመቱ አብረው አዜሙ፣ በሰንበት የቀረበውን ነጻ ማዕድ በሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በቶምፕኪንስ አደባባይ መናፈሻ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በግልጽ ማዜም ጀመሩ።

ወጣቶቹን የሳባቸው ዜማው ነበር፤ ያጋጠማቸው ግን ሥርዓት ነው። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል መብላት ክልክል፤ መጠጥ፣ ዕፅ፣ ትንባሆ፣ ሻይና ቡና ሳይቀር ክልክል፤ ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት ክልክል፤ ቁማር ክልክል። ሌሊት ተነሥቶ መጸለይ፣ 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ ማንትራውን በቀን 16 ዙር መድገም ግዴታ ነው። መቁጠሪያ ይዞ ሲጸልይ ያደገ ሰው ይህ ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ ሳይነገረው ይገባዋል። ነጻነት ፍለጋ ከቤቱ የወጣ ወጣት አባቱ ጠይቆት የማያውቀውን ያህል ትእዛዝ በፈቃዱ ተቀበለ።

ዜን ቡድሂዝምስ ምን ድርሻ ነበረው?

ሹንሪዩ ሱዙኪ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የመጡት በ1959 ሲሆን የመጡትም ሂፒዎችን ሊያስተምሩ ሳይሆን በከተማዋ ያለውን የጃፓናውያን ማኅበረሰብ ቤተ መቅደስ እንዲያገለግሉ ተመድበው ነው። አሜሪካውያን ወጣቶች እየመጡ ስለ መገለጥ ሲጠይቋቸው፣ በየማለዳው ለተመስጦ እንደሚቀመጡና የፈለገ መጥቶ አብሯቸው መቀመጥ እንደሚችል ይነግሯቸው ነበር። ሌላ ብዙም አይጨምሩም። ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እግርን አጣጥፎ፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ አርባ ደቂቃ ያህል ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ጉልበትን እንዴት እንደሚያቃጥል የሞከረው ያውቀዋል፤ ብዙዎቹ በሁለተኛው ሳምንት አልተመለሱም። የተመለሱት በ1962 የሳን ፍራንሲስኮ ዜን ማዕከልን፣ በ1967 ደግሞ በካሊፎርኒያ ተራሮች መካከል የታሳሃራን ገዳም አቋቋሙ። ታሳሃራ ከእስያ ውጭ ከተመሠረቱት የዜን ገዳማት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

የጃፓናውያኑ ምእመናን ግን በዚህ ሁሉ ደስተኞች አልነበሩም። ለጋብቻ፣ ለቀብርና ለመታሰቢያ የሚያስፈልጋቸውን ካህን እንግዶች ወሰዱባቸው። በ1969 ሱዙኪ የማኅበረሰቡን ቤተ መቅደስ ለቅቀው ከአሜሪካውያን ተማሪዎቻቸው ጋር ሌላ ሕንፃ ገቡ። ይህ ክፍል ሲተረክ እምብዛም አይነሣም፤ ሊነሣ ግን ይገባዋል።

ዕፅ መውሰድን ከሃይማኖት ጋር ያገናኙት ለምንድን ነው?

መነሻው ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1962 የስቅለት ዓርብ ዕለት፣ ዋልተር ፓንኬ የተባለ የሃርቫርድ የዶክትሬት ተማሪ ሃያ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ጸሎት ቤት ምድር ቤት ሰበሰበ። ላይኛው አዳራሽ የሚካሄደው የስቅለት ጸሎት በድምፅ ማጉያ ወደ እነርሱ ይወርድ ነበር። ለአሥሩ ከእንጉዳይ የሚገኘው ሲሎሳይቢን፣ ለአሥሩ ፊትን ከማቅላት ያለፈ ነገር የማያደርግ ቫይታሚን ተሰጣቸው። ሲሎሳይቢን ከወሰዱት አብዛኞቹ ቅዱሳን በጻፉት ዓይነት መንፈሳዊ ተመስጦ ውስጥ እንዳለፉ ተናገሩ። ከሃያ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ተሳታፊዎቹን ፈልጎ ያነጋገረ ሌላ ተመራማሪ ብዙዎቹ ያንን ቀን አሁንም በክብር እንደሚያስታውሱት አረጋገጠ፤ በዚያው ግን አንደኛው ተማሪ በጣም ተረብሾ የማረጋጊያ መርፌ እንደተወጋና ይህም በመጀመሪያው ጥናት ሳይጻፍ እንደቀረ አወጣ።

ሙከራውን ይደግፍ የነበረው የሥነ ልቦና መምህር ቲሞቲ ሊሪ በ1963 ከሃርቫርድ ከተሰናበተ በኋላ በ1966 ኤልኤስዲ የተባለውን፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ ዕፅ እንደ ቅዱስ ቁርባን የሚቆጥር የሃይማኖት ማኅበር መሠረተ። በከፊል እምነቱ ነበር፣ በከፊል ደግሞ የሕግ ዘዴ፤ ካሊፎርኒያ ኤልኤስዲን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ስለከለከለች የሃይማኖት ነጻነት ጥሩ መከላከያ መስሎ ታይቶት ነበር። ፍርድ ቤቶች አልተቀበሉትም።

የሃይማኖት መምህራኑ ዕፁን ይደግፉ ነበር?

በጥቅሉ አይደግፉም ነበር፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ነው። ፕራብሁፓዳ ፈጽሞ ከለከሉ። በሕንድ የነበሩት መንፈሳዊ መምህር መሐር ባባ በ1966 ኤልኤስዲ ለአካልም ለአእምሮም ለመንፈስም ጎጂ ነው የሚል መልእክት ወደ አሜሪካ ላኩ፤ ሰምተው የተዉም አሉ። በዜን ማዕከልም ዕፅ ወስዶ መምጣት አይፈቀድም ነበር።

የሊሪ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ አልፐርት ታሪክ ሁለቱን ዓለም በአንድ ሰው ያሳያል። ከሊሪ ጋር በአንድ ዓመት ከሃርቫርድ ከወጣ በኋላ በ1967 ወደ ሕንድ ሄደ፤ በሂማላያ ግርጌ ኒም ካሮሊ ባባ የተባሉ ብርድ ልብስ የሚከናነቡ ሽማግሌ አገኘ፤ ራም ዳስ የሚል ስም ወጥቶለት ተመለሰ። እርሱ ራሱ እንደሚተርከው፣ ለሽማግሌው ከያዘው ኤልኤስዲ ብዙ መጠን ቢሰጣቸው ዋጡት፣ ምንም ሳይሆኑም ቀኑን አብረው ዋሉ። ይህን ማመንና አለማመን የአንባቢ ፋንታ ነው፤ በሂፒዎች ዘንድ ግን ታሪኩ ከማንኛውም ስብከት በላይ ብዙ ሰዎችን ከዕፅ ወደ ተመስጦ አሻግሯል።

ቢትልሶች ሕንድ መሄዳቸው ምን ለወጠ?

ዝናው የበዛለት፣ ጥልቀቱ ግን ያነሰ ክፍል ነው። የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን የሆኑት ቢትልሶች በኦገስት 1967 ለንደን ውስጥ የሕንዳዊውን የተመስጦ መምህር የማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊን ትምህርት ሰሙ፤ በፌብሩዋሪ 1968 ሪሺኬሽ ወደሚገኘው ማረፊያቸው ለሱባኤ ሄዱ። ሪንጎ ስታር የሕንድ ምግብ ሆዱን እንዳያውከው የታሸገ ባቄላ በሻንጣ ይዞ ሄዶ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ተመለሰ፤ ፖል ማካርትኒ ከወር በላይ ቆየ፤ ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን በኤፕሪል ቅሬታ ይዘው ወጡ። ከአራቱ በመንገዱ ዕድሜውን ሙሉ የጸናው ሃሪሰን ነው፤ እርሱም ያዘነበለው ወደ ሐሬ ክሪሽናዎች ነበር። ማሃሪሺ የሚያስተምሩት ተመስጦ ሃይማኖት መቀየር ስለማይጠይቅ፣ ከሂፒዎች ይልቅ ወደ ኋላ በቢሮ ሠራተኞች ዘንድ ተስፋፋ።

በኦገስት 1969 ከ400,000 በላይ ሰው የተሰበሰበበት የዉድስቶክ የሙዚቃ በዓል ሲከፈትም ባርኮ ያስጀመረው የሕንድ መምህር ነው፤ ስዋሚ ሳትቺዳናንዳ።

ኢየሱስን የተከተሉ ሂፒዎች ነበሩ ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ቁጥራቸውም ብዙ ነበር። በ1967 ቴድ ዋይዝ የተባለ የጀልባ ሸራ ሠሪና ጓደኞቹ በሄይት አሽበሪ አንድ ሱቅ ተከራይተው ሾርባና ቡና እያቀረቡ መጽሐፍ ቅዱስ ማስተማር ጀመሩ። ከዚያ ቤት የወጣው ጺማሙ ወጣት ሎኒ ፍሪዝቢ በ1968 በደቡብ ካሊፎርኒያ ኮስታ ሜሳ ከምትገኘው ከካልቨሪ ቻፕል ፓስተር ቸክ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ስሚዝ መላጣ፣ ሸሚዙን የሚቆልፍ፣ ሂፒዎችን ከሩቅ ሲያይ የሚያዝን የቤተሰብ አባት ነበር። ወጣቶቹ ባዶ እግራቸውን ሲመጡ አዲሱ ምንጣፍ ይቆሽሻል ያሉ ሽማግሌዎች እንደነበሩና ስሚዝ ምንጣፉ ይነሣ እንጂ ልጆቹ አይመለሱም እንዳለ በቤተ ክርስቲያኒቱ ይተረካል። ጥምቀቱ የሚፈጸመው በኮሮና ዴል ማር የባሕር ዳርቻ፣ ድንጋይ በከበበው የውቅያኖስ ጥግ ነበር፤ አንዳንዴ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ይጠመቁ ነበር።

ታይም መጽሔት በጁን 1971 ይህን እንቅስቃሴ በሽፋኑ አወጣው፤ በቀጣዩ ዓመት ዳላስ ውስጥ ታዋቂው ሰባኪ ቢሊ ግራሃም በተገኙበት ጉባኤ 80,000 ያህል ወጣት ተሰበሰበ። ሂፒዎቹ ከነጊታራቸው ስለገቡ የአሜሪካ ወንጌላውያን አምልኮ ዜማው ተለወጠ፤ ኦርጋንና የመዝሙር ደብተር ብቻ በነበሩበት መድረክ ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር ቆመ። ከሂፒ ሃይማኖቶች ሁሉ በቁጥር ትልቁን አሻራ የተወው፣ ስለ ሂፒዎች ሲወራ ግን መጨረሻ የሚታወሰው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጸጉራቸውና ከዜማቸው በቀር፣ በትምህርታቸው ወላጆቻቸው ከተቀመጡበት ወንበር ብዙም ሳይርቁ ቀሩ።

አይሁድና ሙስሊም የሆኑስ?

ከእንቅስቃሴው መሪዎች መካከል ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ ብዙ ነበሩ፤ ጊንስበርግና አልፐርት ለዚህ ምሳሌ ናቸው። እነርሱን ወደ ራሳቸው ሃይማኖት ለመመለስ ረቢ ሽሎሞ ካርልባክ በጊታር እየዘመሩ በ1968 አካባቢ በሳን ፍራንሲስኮ «የፍቅርና የጸሎት ቤት» ከፈቱ። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ወጣቶች ያለ ትልቅ ምኩራብና ያለ ተቀጣሪ ረቢ በቤት ውስጥ የሚጸልዩበት ማኅበር መሠረቱ። ከእስልምና በኩል ወደ ሂፒዎች የደረሰው በአብዛኛው ሱፊነት፣ ማለትም የእስልምና የተመስጦ መንገድ፣ ነው፤ «ሱፊ ሳም» የሚባሉት ሳሙኤል ሉዊስ በሕይወታቸው መጨረሻ ዓመታት ወጣቶችን እጅ ለእጅ አያያዘው የፈጣሪን ስሞች እያዜሙ በክብ ያስጨፍሯቸው ነበር።

ሂፒዎችና ራስተፈሪያኖች አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ በእኛ አገር ሁለቱ በጸጉራቸውና በሚያጨሱት ተክል ምክንያት ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ራስተፈሪያኒዝም ከሂፒዎች ሦስት አሥርተ ዓመታት ቀድሞ፣ ከኖቬምበር 1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በኋላ በጃማይካ ድሆች ጥቁሮች መካከል የተነሣ፣ የባርነትና የቅኝ ግዛት ቁስል የወለደው እምነት ነው። የተጠቀለለው ጸጉር በኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 6 ከተጻፈው የናዝራዊ ስእለት ጋር የሚያያዝ ነው፤ ሂፒው ጸጉሩን ያስረዘመው በአባቱ ላይ በማመፅ ነበር። ሂፒው ከምቾት ወጥቶ ድህነትን መረጠ፤ ራስተፈሪያኑ ድህነቱን አልመረጠውም፤ ባቢሎን ከሚለው የጭቆና ዓለም ወጥቶ ወደ ጽዮን፣ ማለትም ወደ ኢትዮጵያ፣ መመለስን ተመኘ።

ንጉሠ ነገሥቱ ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ስለ ሄይት አሽበሪ የሰማው ነገር አልነበረም። ሻሸመኔ ላይ ለጥቁር አፍሪካውያን ዘሮች የተሰጠውን መሬት ፍለጋ የመጡት ቤተሰቦችም ሂፒ ሲባሉ ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ሁለቱ የተገናኙት በ1970ዎቹ በሬጌ ሙዚቃ በኩል ሲሆን፣ ያን ጊዜ ብዙ ነጭ ወጣቶች ጸጉሩንና ጭሱን ወስደው ስእለቱንና ታሪኩን ተዉት።

የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ሥርዓት መውሰዳቸው ተገቢ ነበር?

በዘመኑ እንደ አክብሮት ታየ፤ የሥርዓቱ ባለቤቶች ግን በአብዛኛው እንደዚያ አላዩትም። ፔዮቴ የተባለውን ቁልቋል በጸሎት የሚወስዱት ነባር ሕዝቦች በ1918 በኦክላሆማ ቤተ ክርስቲያናቸውን በሕግ ያስመዘገቡት መንግሥት እንዳይከለክላቸው በመስጋት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ በመዝሙርና በከበሮ የሚቆይ፣ መሪና ሥርዓት ያለው ጸሎት ነው። ሂፒዎቹ ወደ ኒው ሜክሲኮና አሪዞና ወርደው፣ ላባና ዶቃ አድርገው፣ ቁልቋሉን ያለ ጸሎቱ ወሰዱ። ኮንግረስ ነባሮቹ ሕዝቦች ሃይማኖታቸውን በነጻነት እንዲፈጽሙ መንግሥት ማክበር እንዳለበት የሚደነግግ ሕግ ያወጣው ግን በ1978 ነው። የልብሱ ፋሽን ካለፈ ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

ቻርልስ ማንሰንና መሰሎቹ የሂፒ ሃይማኖት ውጤት አይደሉም?

ማንሰን በ1967 ከእስር ቤት ወጥቶ ሄይት አሽበሪ ሲደርስ የ32 ዓመት ሰው ነበር፤ ከዚያ በፊት ከግማሽ በላይ ዕድሜውን ያሳለፈው በማረሚያ ተቋማት ውስጥ ነው። የሂፒዎችን አነጋገር ተማረ፣ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 9 የራሱን ትርጓሜ አወጣ፣ ከቤታቸው የወጡ ወጣቶችን ሰብስቦ በኦገስት 1969 በሎስ አንጀለስ ሰው እንዲገድሉ አደረገ። ሂፒ አልነበረም የሚለው መከላከያ እውነትነት አለው። ነገር ግን ሙሉ አይደለም፤ ማንንም ማን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር በሆነበት፣ መምህር ነኝ ያለ ሁሉ ደቀ መዝሙር በሚያገኝበት ሰፈር ባይሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይሳካለትም ነበር። በ1978 በጉያና ከ900 በላይ ሰዎች ያለቁበት የጆንስታውን እልቂት ግን ከሂፒዎች ጋር መቀላቀል የለበትም፤ የእልቂቱ መሪ የጂም ጆንስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ነበሩ።

የከፋው ነገር ከውጭ በመጣ ነፍሰ ገዳይ ብቻ አልነበረም። ዴቪድ በርግ በ1968 በካሊፎርኒያ የመሠረተው «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባለ ማኅበር በሕፃናት ላይ በተፈጸመ በደል ስሙ ጠፍቷል። የሐሬ ክሪሽና ማኅበር በ1970ዎቹና 80ዎቹ በአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ በልጆች ላይ ስለደረሰው በደል በ1998 ራሱ ጽፎ አውጥቷል። የሳን ፍራንሲስኮ ዜን ማዕከልም የሱዙኪ ተተኪ የነበሩት መሪ በ1983 በሥነ ምግባር ጉዳይ ከኃላፊነት እስኪወርዱ ተናውጧል። በቀደምት አገራቸው መምህሩን የሚያርሙ ሽማግሌዎች፣ የገዳም ሕግና የምእመን ዐይን ነበሩ፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣው መምህሩ ብቻ ነው።

ታዲያ እምነታቸው እውነተኛ ነበር ወይስ የዘመን ፋሽን?

ለብዙዎቹ ፋሽን ነበር፤ ዕጣን፣ ዶቃና የአንድ ክረምት ትዝታ። ይህን መካድ አይገባም፤ ከሁሉም ሃይማኖት ደስ ያለውን እየቆነጠሩ፣ ከባዱን እየተዉ የራስን ቅልቅል መሥራት ያን ጊዜ የተለመደ ሲሆን፣ ዛሬ አሜሪካውያን «መንፈሳዊ ነኝ፣ ሃይማኖተኛ ግን አይደለሁም» የሚሉት አነጋገርም በአመዛኙ ከዚያ የወረሱት ነው። በጋራ ከተመሠረቱት መንደሮች አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ፈረሱ። በ1971 ስቲቨን ጋስኪን በአውቶቡስ ሰልፍ የመራቸው ከሳን ፍራንሲስኮ የወጡ ወጣቶች በቴነሲ የመሠረቱት «ዘ ፋርም» የተባለው መንደር ግን አለ፤ እዚያ ሥጋ አለመብላት፣ ንብረትን በጋራ መያዝና ትዳርን በቃል ኪዳን ማጽናት እንደ ገዳም ሕግ ይታይ ነበር።

ፋሽን ያደረጉትንና የጸኑትን የሚለየው የእምነቱ ዓይነት አይመስለኝም፤ ክርስቲያኑም፣ ቡድሂስቱም፣ የክሪሽና ተከታዩም ዘንድ የቆየና የሄደ አለ። የቆየው የማለዳውን መነሣት፣ የጉልበቱን ሕመም፣ የክልክሉን ብዛት የተቀበለው ነው። በቶምፕኪንስ አደባባይ መናፈሻ ፕራብሁፓዳና ወጣቶቹ ሥሩ ተቀምጠው ያዜሙበት ዛፍ ዛሬም «የሐሬ ክሪሽና ዛፍ» ይባላል፤ ከግንዱ አጠገብ ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ ቆሟል፤ የሚያልፉት ምእመናንም አበባ ያኖሩበታል።